ዝምታ! ቀረጻ ነው

ከተማችን ትንሽ ናት፤ ከገደል አፋፍ ላይ
እንደ ወፍ ጎጆ ያለች፣ ከሩቅ የማትታይ።
ሮካስፒና ትባላለች፣ በደቡብ ኢጣሊያ፤
ለነፋስ መተላለፊያ፣ ለሽማግሌ ማረፊያ።

ወጣቶቹ ሲሄዱ፣ ቶሪኖም ሽቱትጋርትም፣
«ለገና እንመጣለን» ብለው ነበር ሁሉም።
ገና መጣ፣ ገና ሄደ፤
እነሱ ግን ገና ናቸው።

እኔ ፖስታ አዳይ ነበርኩ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፤
ደብዳቤ ይዤ እሄዳለሁ ሰው ወደሌለበት ቤት፤
የመብራት ሒሳብ አደርሳለሁ ለጨለመ መስኮት።
ትምህርት ቤቱ በሦስት ልጅ ቆይቶ ተዘጋ፤
የአያት ቤት ወረደ ከአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ።
የማማው ሰዓት ቆመ፤ ማንም ልብ አላለም፤
የሚቀጠር ሰው የለ፣ የሚረፍድበት የለም።
ስማችን ይቀረጽ የነበረው
በመቃብር ድንጋይ ብቻ ነው።

ታዲያ አንድ መጋቢት፣ ሳይታሰብ በድንገት፣
አሥራ አንድ ከባድ መኪና አቃሰተ በዳገት።
ገመድ ነው፣ መብራት ነው፣ ድንኳን ነው፣ ብረት ነው፤
ዳይሬክተሯ ኦርኔላ፣ ቀለበቷ በአፍንጫዋ ነው።
«የሚሞት ከተማ ነበር የምፈልገው» አለች፣
ግድግዳችንን ዳስሳ፣ «እንዴት ያምራል!» እያለች።
ተቀየምን።
ከንቲባው ግን ፈረመ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ጣራ ያፈስ ነበር።

በዳቦ ቤቱ በር ላይ አዲስ ሰሌዳ ሰቀሉ፤
ከስፖንጅ የተሠራ ዳቦ መስኮቱ ላይ ደለደሉ።
ኢንኮሮናታ ይህን ስታይ (ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ምድጃዋን ካጠፋች ዘጠኝ ክረምት) አልቻለም አንጀቷ።
«ስፖንጅ? በእኔ ስም?» አለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ
ጭስ አየን ከጣራዋ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ።
ሲነጋ መብራት ሠሪው፣ ገመድ ጎታቹ፣
በሯ ላይ ተሰለፉ እንደ ትምህርት ቤት ልጆቹ።

እኔን ሬሳ አደረጉኝ። «ፊትህ ለዚህ ተፈጥሯል።»
ለመተኛት ሰባ ዩሮ! ቆሜ ማን ይህን ከፍሎኛል?
አሱንታ ሚስቴ ሆና ደረቷን ትመታለች፣
በሃያ ዓመቴ ጠይቄያት «እምቢ» ያለችኝ ነች።
«ተቆረጠ! ድገሙ!» ይላሉ። እነሣለሁ፤
ውኃ እጎነጭና ተመልሼ እሞታለሁ።
ሰባት ጊዜ ሞቼ ሰባት ጊዜ ተነሣሁ፤
በሰባተኛው አሱንታ ከሆዷ ስታለቅስ ሰማሁ።
ለእኔ አልነበረም። ለቪቶ ነው፣ ለልጇ፣
ሃምቡርግ ወደብ ላይ ለወደቀው።
ዓይኔን እንደጨፈንኩ አወቅሁ።
ብዙ ቆይቶም ማንም «ተቆረጠ» አላለም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ድምፅ ቀራጩ ጎረምሳ ነው፤
ማዳመጫውን ከጆሮው አንሥቶ
«ዝምታ! ቀረጻ ነው!» ብሎ ሲጮኽብን
እርስ በርስ ተያየን። ቄሱ ቀድሞ ሳቀ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ያልን ሰዎች፣
የሚያናግረን አጥተን ከድመት ጋር ያወራን፣
ዛሬ «ረበሻችሁ» ተባልን!
እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰምተን አናውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት ጓዛቸውን ጭነው ወረዱ።
ፊልሙን በአደባባዩ አየነው፣ አንሶላ ወጥረን።
አሥራ አንድ ደቂቃ ነን፤ ያውም በሌላ ከተማ ስም።
እኔማ ጫማዬ ብቻ ነው የታየው።

የውሸቱን ሰሌዳ ግን ማንም አላወረደው።
የኢንኮሮናታ የልጅ ልጅ «ለሳምንት» ብሎ መጣ፤
ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ዱቄት ከቅንድቡ አልወጣ።
አራት ቤት ተከፈተ፤ አምስተኛው ቀለም እየተቀባ ነው።
አውቶቡሱ ከእሁድ በቀር በየቀኑ ይመጣል።
አልዋሽም፤ ትምህርት ቤቱ አሁንም ዝግ ነው፣
ልጆቹ ሸለቆ ወርደው ይማራሉ።
ሰዓቱም እንደቆመ ነው፤
«አረፈድኩ» የሚል ሰው ግን አለ።

ማታ ማታ ከምንጩ ዳር ኳስ ይጠልዛሉ፤
ግድግዳዬን ሲነርቱት መስኮቴን ከፍቼ
«ዝምታ! ቀረጻ ነው!» እላለሁ ጮኼ።
ይስቃሉ። ይብስባቸዋል።
መስኮቱን ሳልዘጋ ጋደም እላለሁ፣
እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣
«ድገሙ» የሚለኝን እየጠበቅሁ።